የቤት ሽያጭ ውል ሲንጠለጠል፤ ማን ይጠብቃል? ማንስ ጥሎ ይወጣል?

በአዲስ አበባ የሚፈረሙ ብዙ የቤት ሽያጭ ውሎች መጨረሻቸው ተመሳሳይ ነው። «ይህን ውል ያፈረሰ ወገን ውሉን ላከበረው ወገን ብር ይህን ያህል፣ ለመንግሥት ደግሞ ብር ይህን ያህል መቀጫ ከፍሎ ውሉ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731፣ 2005 እና 2266 መሠረት የጸና ይሆናል» ይላሉ። ዓረፍተ ነገሩ በየጸሐፊው ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጦ ስምና ዋጋ ብቻ እየተቀየረለት ይታተማል። ሻጭ ይፈርማል፤ ገዢ ይፈርማል፤ ምስክሮች ይፈርማሉ፤ ደላላው ኮሚሽኑን ይቀበላል።

ባንኩ ብድሩን ቢከለክል ምን ይደረጋል? ውጭ አገር ያለችው የሻጭ ባለቤት ውክልና ባትልክስ? ካርታው ላይ እገዳ ቢገኝስ? ክፍለ ከተማው የስም ዝውውር አገልግሎት ለጊዜው ቆሟል ብሎ ማስታወቂያ ቢለጥፍ ገዢው እስከ መቼ ይጠብቃል? የተከፈለው ቀብድ በማን እጅ ይቀራል? ስለነዚህ ጥያቄዎች ወረቀቱ ዝም ይላል። ውሎቻችን ያላቸውን ጉልበት ሁሉ ያፈሰሱት አጥፊን በመቅጣት ላይ ነው። ማንም ሳያጠፋ ነገሩ ሳይሳካ ሲቀር ስለሚሆነው ግን የሚሉት የላቸውም። በዕድሜ ዘመኑ አንድ ጊዜ ብቻ ቤት የሚገዛ ሰው ጥሪቱን የሚያጣው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በዚህ ክፍተት ነው።

ወደ ፍሬ ነገሩ ከመግባታችን በፊት በአገራችን «ቦታ ሸጥኩ፣ ቦታ ገዛሁ» ሲባል ሕጉ የሚያውቀው ምን እንደሆነ እናንሣ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ የመንግሥትና የሕዝብ ንብረት ነው ይላል። የዚያው አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 7 ደግሞ ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ የገነባውን የመሸጥ፣ የመለወጥና የማውረስ መብት ይሰጠዋል። ስለዚህ የሚሸጠው ቤቱ ነው፤ በሊዝ የተያዘ ከሆነም የሊዝ መብቱ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ግንባታው ሳይጀመር ወይም በግማሽ ሳይጠናቀቅ የሊዝ መብትን ማስተላለፍን ጠበቅ ባለ ሥርዓት ያሰረው፣ ባዶ ቦታ ይዞ ማትረፍን ለመከላከል ነው። እንግዲህ እያንዳንዱ የቤት ሽያጭ ከሻጭና ከገዢ ፈቃድ በተጨማሪ የመሬቱ ባለቤት የሆነውን የመንግሥትን መዝገብና ይሁንታ ይፈልጋል። ሁለቱ ተዋዋዮች በሦስተኛ ወገን ውሳኔ ላይ ተንጠልጥለው ነው የሚዋዋሉት። ቅድመ ሁኔታን በግልጽ መጻፍ ከብዙ አገሮች ይልቅ እዚህ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ሕጉ ለዚህ መሣሪያ አላጣም። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ አርቅቀውት በ1952 ዓ.ም. የጸደቀው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 1869 ጀምሮ ባሉት ድንጋጌዎች ተዋዋዮች ግዴታቸውን መሆን አለመሆኑ ባልታወቀ ነገር ላይ ሊመሠርቱት እንደሚችሉ ይፈቅዳል። ሁኔታው እስኪሟላ ድረስ ውሉ በእንጥልጥል ይቆያል፤ ሲሟላ ይሠራል። ከቁጥር 1784 ጀምሮ ደግሞ ውል ስለሚሰረዝበት መንገድ ዘርዘር አድርጎ ይናገራል። እነዚህ ቁጥሮች ግን በተለመዱት የውል ቅጾች ላይ አይታዩም። ተደጋግሞ የሚጠቀሰው 2266 ስለ ሽያጭ በጠቅላላው የሚናገር ድንጋጌ ነው፤ በእንጥልጥል ላይ ላለ ውል የሚፈይደው የለም።

በጣም የተለመደውን እንውሰድ። ገዢው የዋጋውን ሲሶ በእጁ ይዟል፤ ቀሪውን ከባንክ ተበድሮ ሊከፍል አስቧል። ቀብድ ይሰጥና ይፈርማል። ባንኩ መሐንዲስ ልኮ ቤቱን ያስገምታል፤ ግምቱ ከተዋዋሉበት ዋጋ ያንሳል። ልዩነቱን ከየት ያመጣል? ወይም ባንኩ «ስሙ ወደ ገዢው ይዙርና ካርታው በዋስትና ይያዝልኝ፣ ከዚያ እከፍላለሁ» ይላል፤ ሻጩ ደግሞ «ገንዘቤን ሳልቀበል ስም አላዞርም» ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1757 የራሱን ግዴታ ያልፈጸመ ወይም ለመፈጸም ዝግጁ ያልሆነ ወገን ሌላውን ፈጽምልኝ ሊል አይችልም ይላል። ሁለቱም በዚህ ድንጋጌ ጀርባ ቆመው መተያየት ይጀምራሉ፤ ወራት ያልፋሉ።

ብድሩ ራሱም በገዢው እጅ ያለ ነገር አይደለም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የንግድ ባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ጣሪያ አኖረ፤ በኋላ ጣሪያው ደረጃ በደረጃ ከፍ ተደረገ። ጣሪያው በተጣለበት ወቅት ማመልከቻው የተሟላ፣ ደመወዙ በቂ፣ የብድር ታሪኩ ንጹሕ የሆነ ሰው እንኳ ባንኩ የሚያበድረው ስላነሰው ሊጉላላ ይችል ነበር። ይህ ሰው ውል አፍራሽ ነው? በወረቀቱ ላይ ያለው ብቸኛ አንቀጽ የመቀጫው ስለሆነ ሻጩ «በቀኑ አልከፈልክም፤ አፍርሰሃል» ማለቱ አይቀርም። ገዢው «ባንክ ከለከለኝ» ቢል ባንኩ በውሉ ውስጥ ስሙ እንኳ አልተነሣም። እኔ እስከሚገባኝ ድረስ ይህ ከግፍ የሚቆጠር ውጤት ነው። ግፉ ግን ከሕጉ የመጣ ሳይሆን ከባዶው ወረቀት የመጣ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መለየት አለበት። ለባንክ ማመልከት፣ ሰነድ ማሟላት፣ ግምት ማስደረግ የገዢው ግዴታ ነው። የብድሩ መፈቀድ ግን ግዴታ ሊሆን አይችልም፤ ማንም ሰው ባንክ ይፈቅድልኛል ብሎ ቃል መግባት አይችልም። እሱ ቅድመ ሁኔታ ነው። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ወይ ገዢው በማያዘው ነገር ይቀጣል፣ ወይም ደግሞ ሰነፍ ገዢ ማመልከቻ እንኳ ሳያስገባ «ብድር አልተፈቀደልኝም» ብሎ ይወጣል። በደንብ የተጻፈ ውል ገዢው በስንት ቀን ውስጥ እንደሚያመለክት፣ ለየትኛው ባንክ፣ ቢያንስ ስንት ብር እንደሚጠይቅ ይናገራል፤ ባንኩ በጽሑፍ ከከለከለውና ደብዳቤውን ካቀረበ ግን ያለ መቀጫ እንዲወጣ ይፈቅድለታል። ሻጩም ከዚህ ይጠቀማል፤ ቤቱ ለስንት ቀን እንደሚታሰርበት አስቀድሞ ያውቃላ!

በሻጩ በኩል ያሉትም እንዲሁ ተቀላቅለው ይገኛሉ። «ቤቱን ከማንኛውም ዕዳና እገዳ ነጻ አድርጌ አስረክባለሁ» የሚለው ግዴታ ነው፤ በራሱ ዕዳ ለተያዘ ቤት ሻጩ ሙሉ ኃላፊነት አለበት። የፍርድ ቤት እገዳ በሦስተኛ ወገን ክስ የመጣ ከሆነ ግን እገዳው የሚነሣበትን ቀን ሻጩም አያውቅም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ በኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙ ሰፈሮች ሲነሡ እንዳየነው፣ ዛሬ ውል የተፈረመበት ቤት ነገ በፕላን ውስጥ ሊገባ ይችላል። ካርታው በገዢው ስም ሳይዞር ቤቱ ቢፈርስ የካሳውን ደብዳቤ የሚቀበለው በመዝገብ ላይ ስሙ ያለው ሻጩ ነው። ገዢው የዋጋውን ግማሽ ከፍሎ ሊሆን ይችላል። ከተማዋ እንዲህ በምትለዋወጥበት ጊዜ «ስም ዝውውሩ ሳያልቅ ቦታው ለልማት ከተፈለገ ውሉ ይቀራል፤ የተከፈለው በሙሉ በዚህን ያህል ቀን ይመለሳል» የሚል አንድ መስመር አለመጻፍ ከባድ ጥፋት ነው።

አሁን ወደ ቀብድ እንምጣ፤ ሕዝቡ በጣም የሚያውቀው፣ ሕጉ ግን ከሚታሰበው በላይ ኃይል የሰጠው ነገር ነውና። በቁጥር 1883 መሠረት ቀብድ መስጠት ውሉ መደረጉን ያረጋግጣል። ቁጥር 1885 ደግሞ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ቀብዱን ለቅቆ ውሉን ሊሰርዝ፣ የተቀበለው ደግሞ እጥፉን መልሶ ሊሰርዝ ይችላል ይላል። ልብ በሉ፤ ይህ ቅጣት ብቻ አይደለም። ሕጉ ለሁለቱም ወገኖች በዋጋ የሚገዛ የመውጫ በር ከፍቷል። ሻጩ ቤቱን በ8 ሚሊዮን ብር ተስማምቶ 200 ሺህ ብር ቀብድ ቢቀበልና ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ሰው 10 ሚሊዮን ቢሰጠው፣ 400 ሺህ ብር መልሶ መውጣት ያዋጣዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ ብር በአጭር ጊዜ ውስጥ ዋጋውን ሲያጣ፣ ቀደም ብለው በብር ቁርጥ ዋጋ የተዋዋሉ ሻጮች የነበረባቸውን ፈተና መገመት አያስቸግርም።

ገዢው ይህን በር መዝጋት ይችላል፤ ሕጉ «ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር» ብሏልና። «የተከፈለው ገንዘብ የዋጋው አካል የሆነ ቅድሚያ ክፍያ ነው፤ የትኛውንም ወገን ከውሉ የመውጣት መብት አይሰጥም» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ይህ ካልተጻፈ ግን ክርክሩ ይከፈታል፤ ደረሰኙ ቀብድ ይላል፣ ውሉ ቅድሚያ ክፍያ ይላል፣ ምስክሩ ሌላ ይላል።

በዚያው መጠን አሳሳቢው ደግሞ ቅድመ ሁኔታው ያለማንም ጥፋት ሳይሟላ ሲቀር ቀብዱ የማን ነው የሚለው ነው። እኔ በዚህ ላይ ማመንታት የለብንም ባይ ነኝ፤ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ለገዢው ይመለሳል፣ እጥፍም አይከፈልበትም። ቀብድ የሚያዘው ወይም የሚታጠፈው በራሱ ፈቃድ በወጣ ወይም ባጠፋ ሰው ላይ ነውና። ይህን ግን ውሉ ካልተናገረ ሻጩ ገንዘቡን በእጁ ይዞ የሚከራከር፣ ገዢው ደግሞ ባዶ እጁን የሚከሰስ ወይም የሚከስ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ቀብዱ በተከፈለ ማግሥት ለልጅ ትምህርት ቤት ወይም ለሌላ ቤት ቀብድ ወጥቷል። የመመለስ መብት ገንዘቡ ከሌለ ምን ይፈይዳል?

በአሜሪካ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ቤት የገዙ ወገኖቻችን ይህን ከእኛ በተሻለ ያውቁታል። እዚያ በተለመደው የግዢ ውል ገዢው የብድር መፈቀድን፣ የቤቱን ፍተሻና የባንኩን ግምት እንደ ቅድመ ሁኔታ እያስቀመጠ ለእያንዳንዳቸው የቀን ገደብ ይቆርጣል። ዋናው ነገር ግን ቀብዱ በሻጩ ኪስ አለመግባቱ ነው፤ ገለልተኛ የሆነ ሦስተኛ ወገን ይይዘዋል። ቅድመ ሁኔታው በቀኑ ካልተሟላና ገዢው በጊዜው ካሳወቀ ገንዘቡ ይመለስለታል። ቀኑን ካሳለፈ ግን ያንን መከላከያ ሊያጣ ይችላል። እኛ ዘንድ ተመሳሳይ ተቋም ባይለመድም ገንዘቡን በሁለቱ ፊርማ ብቻ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ማስቀመጥ፣ ወይም በሲፒኦ አሠርቶ ስም እስኪዞር ማቆየት የሚከለክል ነገር የለም። ከአገር ውጭ ሆነው በዘመድ ውክልና ቤት የሚገዙ ሰዎች ይህን ሳያደርጉ ሚሊዮኖችን ሲልኩ ማየት ያስደነግጣል።

ስለ ጊዜ ትንሽ ልቆይ። ቅድመ ሁኔታ ያለ ቀን ማለቂያ የሌለው እስር ነው። አንድ ሰው «ያለኝን ቤት ሸጬ እከፍልሃለሁ» ብሎ ቢዋዋልና ቤቱ ባይሸጥለት ሻጩ እስከ መቼ ይጠብቃል? በ1982 እ.ኤ.አ. የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በፔሪ እና ኩላንጋታ ጉዳይ ይህንኑ ጥያቄ መለሰ። ገዢዎቹ ሊሊ ፒሊ በተባለው የሲድኒ ሰፈር ያለውን ንብረታቸውን ሲሸጡ እንደሚከፍሉ ተስማምተው ነበር፤ ቀን ግን አልተቆረጠም። ንብረታቸው ሳይሸጥ ቆየ፤ ሻጩ ውሉን አቋረጠ፤ በኋላ ንብረታቸው ሲሸጥ «አሁን ተሟልቷል፤ ፈጽምልን» አሉ። ፍርድ ቤቱ ቀን ካልተቆረጠ ቅድመ ሁኔታው በምክንያታዊ ጊዜ ውስጥ መሟላት አለበት፣ ያ ጊዜ ካለፈ ሻጩ መውጣት ይችላል ብሎ ለሻጩ ወሰነ። የገዢዎቹ ክፉ አለመሆን አልረዳቸውም።

ከዚያ ቀደም ብሎ በ1959 እ.ኤ.አ. ለንደን የሚገኘው የፕሪቪ ካውንስል ፍርድ ቤት በማላያ ስለነበረ የጎማ ተክል እርሻ ሽያጭ ሲወስን ነገሩን ጠበቅ አድርጎት ነበር። ሽያጩ ሻጩ ጊዜያቸው ያለፈባቸውን የሊዝ መብቶች በማሳደሱ ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ዕድሳቱ በቀኑ አልተገኘም። ቀን ተቆርጦ ከሆነ ቀኑ በጥብቅ ይከበራል ብሎ ገዢው የከፈለው ቀብድ እንዲመለስለት አደረገ። የሊዝ ዕድሳት የሚጠብቁ ቦታዎች በሚሸጡበት በእኛ አገር ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም።

በእኛ ሕግ ቀን ካልተቆረጠ መንገዱ ማስጠንቀቂያ ነው። በቁጥር 1772 መሠረት አንዱ ወገን አልፈጸመም ብሎ ወደ ሌላ እርምጃ ለመሄድ በቅድሚያ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል፤ በቁጥር 1774 ደግሞ ከዚህ ቀን በኋላ አልቀበልም የሚል ተገቢ የሆነ የጊዜ ገደብ በማስጠንቀቂያው ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል። ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ጥቂት ናቸው። ብዙዎች በስልክ ይነጋገራሉ፣ በሽማግሌ ይላላካሉ፣ ደላላው «ትንሽ ታገሡ» ይላል። ሽምግልናው ጥሩ ነው፤ አልቃወምም። ነገር ግን ከሽምግልናው ጎን በጽሑፍ የተሰጠና የመቀበያ ፊርማ ያለበት አንድ ገጽ ማስጠንቀቂያ ከሌለ፣ ውሉ ሞቷል ብሎ ቤቱን ለሌላ የሸጠ ሰው ከዓመታት በኋላ ሊከሰስ ይችላል። ከውል የሚመነጭ ክስ በይርጋ የሚታገደው በቁጥር 1845 እንደ መርሕ በ10 ዓመት ነው። ያልተዘጋ ውል 10 ዓመት ሙሉ ሊያንኳኳ ይችላል ማለት ነው።

የመውጣት መብት የማን ነው የሚለው ከሁሉም በላይ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። «ቅድመ ሁኔታው ካልተሟላ ውሉ እንደ ፈረሰ ይቆጠራል» የሚል አንቀጽ በየውሉ መግባት ጀምሯል። ጥሩ ይመስላል፤ አደጋ ግን አለበት። ሻጩ ሚስቱን አስፈርሞ ማምጣት ነበረበት እንበል። ዋጋ ሲጨምር ሆን ብሎ አላስፈረመም። ቀኑ አለፈ። «ውሉ በራሱ ፈርሷል» ብሎ ቤቱን ለሌላ ይሸጣል? የአውስትራሊያው ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1950 እ.ኤ.አ. በሱተር እና ጉንዶውዳ ጉዳይ፣ የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልገው በነበረ የእርሻ ቦታ ሽያጭ ላይ፣ እንዲህ ያለው አንቀጽ ውሉን በራሱ አይገድለውም አለ። መብቱን ያገኘው ላለመሟላቱ ጥፋተኛ ያልሆነው ወገን ነው፤ እሱ ከፈለገ ያቋርጠዋል፣ ከፈለገ ያጸናዋል። ማንም ሰው በገዛ ጥፋቱ መውጫ በር ሊሠራ አይገባም።

በእኛ ሕግ የተዋዋዮች ቃል በመካከላቸው እንደ ሕግ ነው ይላል ቁጥር 1731፤ ያው የምንደጋግመው ቁጥር። ቁጥር 1732 ደግሞ ውሎች በቅን ልቦና እንዲተረጎሙ ያዛል። በቁጥር 1786 መሠረት አንድ ወገን ፍርድ ቤት ሳይሄድ በራሱ ውሉን መሰረዝ የሚችለው በውሉ ይህን የሚፈቅድ ቃል ሲኖርና በዚያ ቃል የተቀመጡት ሁኔታዎች ሲሟሉ ነው። ስለዚህ መብቱ የሚወለደው ከአጻጻፉ ነው። «ጥፋት የሌለበት ወገን በጽሑፍ አሳውቆ ሊሰርዝ ይችላል» ተብሎ ከተጻፈ ዳኛው የሚጨብጠው ነገር አለው። «እንደ ፈረሰ ይቆጠራል» ብቻ ከተባለ ግን ሐቀኛውም አጭበርባሪውም እኩል በር አገኙ። ስለ መውጣት መብት የሚናገረው ቃል ሲጻፍ ተዋዋዮቹ ፊርማ ለማኖር ከመቸኮላቸው በፊት ጠበቃ ማማከር አለባቸው፤ የአንድ ቀን የጠበቃ ክፍያ ከቤቱ ዋጋ አንጻር ምንም አይደለም።

ስለ ትዳር ካነሣን፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱን ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። ያለ ስምምነቱ ከተሸጠ ሌላኛው ተጋቢ ባወቀ በ6 ወር፣ በማናቸውም ሁኔታ በ2 ዓመት ውስጥ ውሉ እንዲፈርስ ሊጠይቅ ይችላል። ካርታው በባል ስም ብቻ መሆኑ ቤቱን የግሉ አያደርገውም። የትዳር ጓደኛን ፊርማ እንደ ቅድመ ሁኔታ ጽፎ ዋናውን ክፍያ ከዚያ በኋላ ማድረግ እንጂ «ሚስቴ ታውቃለች» በሚል ቃል ብቻ ገንዘብ መስጠት አይገባም። ወራሾች በጋራ በያዙት ቤትም ያው ነው።

የጋራ መኖሪያ ቤት ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ያሳስበኛል። በዕጣ የተገኘ ኮንዶሚኒየም ለ5 ዓመት መሸጥ እንደማይቻል እየታወቀ፣ ገዢው ገንዘቡን ከፍሎ የሻጩን ውክልና ይዞ «5 ዓመቱ ሲሞላ ስም ታዞርልኛለህ» ብሎ ይዋዋላል። ሰዎች ይህን ቅድመ ሁኔታ ያለው ሽያጭ አድርገው ያዩታል። አይደለም። ሕግ የከለከለውን ነገር በጊዜ ቀጠሮ ሕጋዊ ማድረግ አይቻልም፤ ክልክል በሆነ ጉዳይ ላይ የተደረገ ውል ሊፈርስ ይችላል። ውክልናውም መጠለያ አይሆንም። ወካዩ በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ «የማይሻር» ተብሎ ቢጻፍበት እንኳ። ወካዩ ሲሞትም ውክልናው እንደ መርሕ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ገዢው የሚጋፈጠው ከማያውቃቸው ወራሾች ጋር ነው። ብዙ ቤተሰብ በዚህ መንገድ በገባበት ቤት ውስጥ ያለ ዋስትና ይኖራል። የቤት ፍላጎቱ ያመጣው ችግር መሆኑን እረዳለሁ፤ ግን እውነቱን ደብቆ ማጽናናት ተገቢ አይደለም።

ሌላው ውሉ ሲፈርስ ብቻ የሚታይ ጉድጓድ ዝቅ ብሎ የሚጻፈው ዋጋ ነው። ለስም ማዛወሪያና ለግብር የሚከፈለው እንዲቀንስ በይፋዊው ውል ላይ ከእውነተኛው ዋጋ በጣም ያነሰ ቁጥር ይጻፋል፤ እውነተኛው በጎን ወረቀት ይያዛል፣ ወይም ጭራሽ አይያዝም። ሁሉም ነገር ከተሳካ ማንም አያነሣውም። ውሉ ሲሰረዝ ግን በቁጥር 1815 መሠረት ሁለቱ ወገኖች ወደ ነበሩበት መመለስ አለባቸው፤ ሻጩም ይፋዊውን ወረቀት ይዞ «የተቀበልኩት ይህን ያህል ነው» ይላል። በጽሑፍ የሰፈረን ውል በሰው ምስክር ማስተባበል ሕጉ በቀላሉ አይፈቅድም፤ ያ በየውሉ ግርጌ የሚጠቀሰው ቁጥር 2005 ራሱ የጽሑፍን ማስረጃነት የሚያጸና ነው። 7 ሚሊዮን ከፍሎ 2 ሚሊዮን የሚመለስለት ሰው የሚያተርፈው ግብር የለም።

የፎርሙም ነገር አለ። በደላላ ቢሮ ወይም በሰፈር ጸሐፊ ዘንድ የሚፈረመው ወረቀት ምንድን ነው? ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ይጠይቃል፤ ቁጥር 1720 ደግሞ ሕጉ ያዘዘው ፎርም ካልተከበረ ረቂቅ እንጂ ውል የለም ይላል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን አጥብቆ ተርጉሞ በአዋዋይ ፊት ያልተደረገ የቤት ሽያጭ አይጸናም አለ። በኋላ የመጡ ውሳኔዎች ሽያጩ መደረጉ ባልተካደበት ጊዜ ጉዳዩን ለዘብ አድርገው አይተውታል። ይሁን እንጂ ተዋዋዩ ሊክድ ይችላል ብሎ ማሰብ እንጂ አይክድም ብሎ መተማመን የውል ጥበብ አይደለም። ያ ማለት፣ ምርጥ ሆኖ የተጻፈ የቅድመ ሁኔታ አንቀጽ እንኳ ውልና ማስረጃ ባልደረሰ ወረቀት ላይ ካለ፣ ሊጠብቀው የታሰበው ሰው ክርክሩን የሚጀምረው «ለመሆኑ ውል አለ ወይ?» ከሚለው ጥያቄ ነው። ቀብድ ከተሰጠበት ቀን ውልና ማስረጃ እስከሚኬድበት ቀን ያለው ጊዜ በጣም ማጠር አለበት፤ ከተቻለ ቀብዱም እዚያው ይሰጥ።

ውልና ማስረጃ፣ ማለትም ሰነዶችን የሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤት፣ በ2008 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 922 መሠረት ፊርማ ከማስፈረም ያለፈ ኃላፊነት አለበት፤ ሰነዱ ሕግን የሚቃረን እንዳልሆነ፣ ባለመብቱም ማን እንደሆነ ያያል። ወደዚያ የሚሄደው ሕዝብ ብዛት ሲታይ፣ አንድ የተሻለ የቤት ሽያጭ ውል ቅጽ አዘጋጅቶ በየቅርንጫፉ ማቅረብ ለመሥሪያ ቤቱ የሚከብድ አይመስለኝም። በዚያ ቅጽ ላይ ቅድመ ሁኔታው ምን እንደሆነ፣ ለማሟላት የሚሠራው ማን እንደሆነ፣ የመጨረሻው ቀን መቼ እንደሆነ፣ ሳይሟላ ሲቀር በጽሑፍ አሳውቆ የመውጣት መብት የማን እንደሆነና ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚመለስ የሚሞላ ባዶ ቦታ ይኑር። የጠበቆች ማኅበራትም ረቂቁን ቢያዩት፣ ባንኮችም የብድር ደንበኞቻቸው ያንን ቅጽ እንዲይዙ ቢመክሩ የፍርድ ቤቶቻችን የክርክር መዝገብ ይቀንሳል።

ቅጹ እስኪመጣ ድረስ ግን ሊገዛ ወይም ሊሸጥ የተዘጋጀ አንባቢ እነዚያን ጥያቄዎች በገዛ እጁ ጽፎ በውሉ ውስጥ ያስገባቸው፤ መልስ ካልተገኘላቸውም ቀብድ አይስጥ፣ አይቀበል።